ውሻ ወዳድ ወግ አጥባቂ፣ ድመት ወዳድ ተራማጅ፤ ለመሆኑ እውነት ነው?

(ከዚህ በታች የቀረበው በአንድ የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው።)



የዛሬው ርዕስ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» በሚባልበት አገር፣ «ውሻ ምን አገባው ከምርጫ?» ቢባል የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እስከ ቦምብ ዛቻ ደርሶ ሕፃናትን ከክፍላቸው ያስወጣበት ጊዜ አለ። ወደዚያ እንደርሳለን።

በኛ ገጠር ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ውሻ ደጅ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ጎተራ ያለው ገበሬ ሁለቱንም ይፈልጋል። «ለመሆኑ አንተ የውሻ ሰው ነህ ወይስ የድመት?» ብትሉት ጤንነታችሁን ይጠራጠራል። ጥያቄው የተወለደው እንስሳቱ ከሥራ ወጥተው ሶፋ ላይ በተቀመጡበት አገር ነው። አሜሪካ ላይ ደግሞ የፓርቲ ጥያቄ እስከመሆን ደርሷል። ውሻ የሪፐብሊካን፣ ድመት የዴሞክራት ነው እየተባለ ይወራል።

እሺ፣ ወሬውን ትተን መረጃው ምን ይላል? ጭራሽ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የ2011ን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሁኔታ በሚያሳየው ጥናቱ፣ ድመት በያዙ ቤተሰቦች ብዛት አንደኛ የወጣችው ቬርሞንት ነበረች፤ 49.5 በመቶ። በውሻ አንደኛ የሆነችው አርካንሳስ ነበረች፤ 47.9 በመቶ። ቬርሞንት ከ1992 ጀምሮ በየፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ለዴሞክራቶች ድምፅ የሰጠች ክፍለ ግዛት ናት። አርካንሳስ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የሪፐብሊካን ናት።

በ2010 የወጣ አንድ ጥናትም አለ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር በሳሙኤል ጎስሊንግ የተመራ ሲሆን 4,565 ሰዎች ተጠይቀውበታል። «የውሻ ሰው ነኝ» ያሉት ይበልጥ ተግባቢና ሥርዓት አክባሪ ሆነው ተገኙ። «የድመት ሰው ነኝ» ያሉት ይበልጥ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት፣ ግን ደግሞ ጭንቀት የሚያበዙ ሆኑ። ሥርዓት ማክበር ወደ ወግ አጥባቂነት፣ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን ወደ ተራማጅነት ዘንበል እንደሚያደርግ ደግሞ የፖለቲካ ሥነ ልቦና ምሁራን ደጋግመው ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ዳያና መትዝ ባሳተሙት ጥናት፣ በ2008ቱ ምርጫ ውሻ ያላቸው መራጮች ባራክ ኦባማን የመምረጥ ዕድላቸው ከሌላቸው ያነሰ እንደነበር አሳይተዋል። ኦባማ ያን ጊዜ ውሻ አልነበራቸውም።

«በቃ፣ ተረጋገጠ!» ለማለት የቸኮለ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ያው የሐኪሞቹ ማኅበር ጥናት ስለ ዋና ከተማዋ ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ምን አለ? ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ዲሲ በድመት መጥለቅለቅ ነበረባት። ምክንያቱም በ2012 ምርጫ ከ100 መራጮቿ ከ90 በላይ የሚሆኑት የመረጡት ዴሞክራቱን ኦባማን ነው። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ድመት ያላቸው 11.6 በመቶ፣ ውሻ ያላቸው 13.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱም ከአገሩ ሁሉ መጨረሻ ናት። ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ምክንያቱን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ጠባብ አፓርታማ፣ ውድ ኪራይ፣ «እንስሳ ክልክል ነው» የሚል የኪራይ ውል፣ ከጧት እስከ ማታ ሥራ። በዚህ ኑሮ ላይ ማን ነው ውሻ የሚያንሸራሽረው?

እንግዲህ ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሻ ግቢ ይፈልጋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ መውጣት ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ሰው ይፈልጋል። ሰፊ ግቢ ያለው ማነው? የገጠርና የከተማ ዳር ነዋሪው። የአሜሪካ ገጠር ደግሞ ከድሮም ባይሆን ካለፉት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ለሪፐብሊካን ያደላል። ስለዚህ ውሻው ሰውየውን ሪፐብሊካን አላደረገውም፤ ሪፐብሊካንነቱም ውሻ አልገዛለትም። ውሻውንም ድምፁንም በአብዛኛው የሚወስነው አኗኗሩ ነው። ጎስሊንግ ያገኙት የጠባይ ልዩነትም ቢሆን የአማካይ ልዩነት ነው፤ ጎረቤታችሁ ማንን እንደመረጠ አይነግራችሁም።

ወደ ታላላቆቹ ሰዎች ብንሄድ ነገሩ የባሰ ይደበላለቃል። ወግ አጥባቂው ዊንስተን ቸርችል በድመት ፍቅር የታወቁ ነበሩ። ቭላድሚር ሌኒንስ? ግንቦት 1983 ዓ.ም (በኛው አቆጣጠር) ሐውልታቸው ከአዲስ አበባ የተነሳው ሌኒን ድመት ታቅፈው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። ቸርችልና ሌኒን በአንድ ድመት ከተስማሙ ድመቷ የማን ፓርቲ አባል ልትባል ነው? አዶልፍ ሂትለር ብሎንዲ የምትባል ውሻ ነበረችው፤ ይወዳታል ይባል ነበር። በ1945 ሚያዝያ ግን መርዙ መሥራቱን ያረጋገጠው በሷ ላይ ነው።

በለንደን የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ላሪ የሚባል ድመት በ2011 የካቲት ገባ። ማዕረጉ የአይጥ አዳኞች አለቃ ነው። 5 የወግ አጥባቂ ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተራ በተራ ገብተው ሲወጡ እሱ አልወጣም። በ2024 ሐምሌ የሌበሩ ኪር ስታርመር ሲገቡም ደጃፉ ላይ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ድመቱ አልተለወጠም፤ ያው ቀለቡን ነው የሚጠብቀው።

ታዲያ ግንኙነቱ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ ፖለቲከኞች ለምን ይዘውት ይዞራሉ? ስለሚሠራ ነዋ! እስኪ ሁለት ንግግሮችን አስተያዩ። መስከረም 23 ቀን 1944 ዴሞክራቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ውሻቸውን ፋላን ከሩቅ ደሴት ለማስመጣት የጦር መርከብ ልከዋል፣ የሕዝብ ገንዘብ አባክነዋል ለሚለው ውንጀላ መልስ ሰጡ። እሳቸውም፣ እኔስ መሰደቡን ለምጄዋለሁ፣ ፋላ ግን ተቀይሟል ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። በዚያው ዓመትም ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። ልክ በ8 ዓመቱ፣ መስከረም 23 ቀን 1952፣ ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ስለ 18,000 ዶላር የድጋፍ ገንዘብ ተጠይቀው በቴሌቪዥን ቀረቡ። ስለ ሒሳቡም አስረዱ። ሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ግን ከቴክሳስ ለልጆቻቸው የተላከችው ቼከርስ የምትባል ቡችላ ናት፤ ምንም ቢባል አንመልሳትም አሉ። የድጋፍ ቴሌግራም ጎረፈ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1974፣ በዋተርጌት ቅሌት ከፕሬዚዳንትነት ለቀቁ። በ1952 ቡችላዋን አይቶ «ታማኝ ሰው ናቸው» ያለ ሁሉ ምን ተማረ?

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው እንበል። ክፉው የሚጀምረው እንስሳው ሰውን መናቂያ ሲሆን ነው። በ2021 ለሴኔት ይወዳደሩ የነበሩት ጄ.ዲ. ቫንስ፣ አገሪቱን የሚመሯት ልጅ የሌላቸው፣ ሕይወታቸው የመረራቸው ባለድመት ሴቶች ናቸው የሚል ነገር በቴሌቪዥን ተናገሩ። ካማላ ሃሪስንም በስም ጠሩ። ንግግሩ በ2024 ሐምሌ ተቆፍሮ ወጣና አገር ተንጫጫ። ድመት የሴትን ማኅፀን መቁጠሪያ ሆነች ማለት ነው። ዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት ለሃሪስ ድጋፏን ስትገልጽ ድመቷን አቅፋ «ልጅ የሌላት ባለድመት» ብላ ፈረመች።

ስዊፍት የፈረመችበት ቀን መስከረም 10 ቀን 2024 ነበር። በዚያው ምሽት በክርክሩ መድረክ ዶናልድ ትራምፕ፣ በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ስደተኞች የነዋሪውን ውሻና ድመት እየበሉ ነው አሉ። የተወራው ስለ ሄይቲ ስደተኞች ነው። የከተማው ባለሥልጣኖች አንድም ተጨባጭ መረጃ እንዳልተገኘ ገለጹ። ግን ማን ይሰማል? ከ30 በላይ የሐሰት የቦምብ ዛቻ ወረደ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ተማሪዎች ተባረው ወጡ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤ እዚህ ግን አይጡም አልበላም። የሰው ልጅ ለቤት እንስሳው ያለው ፍቅር እንደ ክብሪት ተጭሮ ጎረቤቱ ላይ ተወረወረ። እኛም በየአገሩ የተሰደደ ወገን አለን። «ምን ይበላሉ? እንስሳችንን ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥርጣሬ ነገ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ዋስትና የሰጠን የለም።

ስለዚህ ለተጠየቅኩት መልሴ አጭር ነው። ግንኙነት አለ ወይ? አለ፤ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውም ከግቢ ስፋትና ከኑሮ ዘዬ የመጣ ነው። ሰውን መለኪያ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ባለድመቷን ተራማጅ ብላችሁ አታሞግሱ፣ ባለውሻውንም ወግ አጥባቂ ብላችሁ አትውቀሱ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የተተረተው ለውሻ አይደለም፤ ለሰው ነው። ፖለቲከኛ ውሻ ይዞ ፎቶግራፍ ሲነሳ እናንተ ውሻውን ተዉትና ገመዱን የያዘውን እጅ እዩ፤ ምን ፈረመ? ከማን ወሰደ? ለማን ሰጠ?