«ጭንቀት ነው እንጂ ግፊት አይደለም» ማለት አያዋጣም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ የጤና ንግግር)

 

በነርስነት ስሠራ ከወገኖቻችን ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ። የደም ግፊት መለኪያው ከፍ ሲል «አይ፣ ዛሬ ተጨንቄ ነው፤ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ነው፤ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሰምቼ ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮውም መድኃኒቱም ይረሳል።

ምክንያቱ ውሸት አይደለም። ጭንቀት ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ግፊት ያለበት ሰው በጭንቀት ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳበት ምክንያት አለ፤ እሱን ላስረዳ።

የደም ሥር እንደ ውኃ ቧንቧ ግትር አይደለም፤ ይሰፋል፣ ይጠባል። ውስጡን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ኢንዶቴሊየም ይባላል። ይህ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያላላል። ይህን አሠራር ለዓለም ያሳወቁት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ስንጨነቅ አድሬናሊን ይጨምራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም በኃይል ይገፋል። በዚህ ጊዜ ጤነኛ የክንድ ደም ሥር ሰፋ ብሎ ደሙን ያስተናግዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በዚያው በ1998 ባወጡት ጥናት ሰዎችን በቃል ሒሳብ እያስጨነቁ በክንዳቸው የሚያልፈውን ደም ለክተው ነበር። በጤነኞቹ ላይ የደሙ ፍሰት በደንብ ጨመረ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ጭማሪው ቀነሰ። ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ጭማሪው ከመጀመሪያውም አነስተኛ ነበር፤ ማገጃው ቢሰጣቸውም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ማገጃው የሚያግደው ነገር ቀድሞውኑ ደክሟል ማለት ነው።

በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ የጥቂት ደቂቃ ጭንቀት የደም ሥርን የመስፋት ችሎታ እንደሚቀንስ፣ ይህም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ገና እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ስለዚህ ስልኩን ዘግተን «አለፈ» ስንል ደም ሥራችን ገና አላለፈለትም።

አሁን የእኛን ኑሮ አስቡት። ሁለት ሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ በ880 አውራ ጎዳና ላይ የሚያልቅ ዕድሜ። በ2023 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ የከረመ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ነው? ይህን ጭንቀት ማንም ሐኪም ከእኛ ላይ አያነሳውም። ሸክሙ የማይቀር ከሆነ ተሸካሚውን ማጠንከር ነው ያለብን። «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል መድኃኒት ማቋረጫ ሳይሆን መድኃኒት በደንብ መውሰጃ ምክንያት ሊሆን ይገባል።

እንደሚቻልም እዚሁ ታይቷል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኦክላንድ የሆነው ካይዘር ፐርማነንቴ በሰሜን ካሊፎርኒያ ካሉት የግፊት ሕሙማን መካከል በ2001 ግፊታቸው የተስተካከለው 44 ከመቶ ያህሉ ነበሩ፤ በ2009 ወደ 80 ከመቶ ደረሱ። የሰዎቹ ኑሮ ስለቀለለ አይደለም። ሕሙማኑ በመዝገብ ተከታተሏቸው፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን ሰጧቸው፣ ያለ ክፍያ መጥተው እንዲለኩ አደረጉ።

እኛም እንዲህ እናድርግ። በቤታችን መለኪያ ይኑረን። ከመለካታችን በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባችንን ደገፍ አድርገን በጸጥታ እንቀመጥ፤ ክንዳችን በልብ ትክክል ይሁን፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አንጠጣ። ቁጥሩን ጽፈን ለሐኪም እናሳይ። ከ130/80 በላይ እየደጋገመ ከታየ በአሜሪካ መመሪያ ግፊት ነው። ክኒኑ ደረቅ ሳል ካመጣብን ሌላ ዓይነት ስላለ ለሐኪም እንናገር እንጂ በራሳችን አናቋርጥ። ግፊት ሳያም ኩላሊትን ይጎዳል፣ አንጎል ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ «ደህና ነኝ» ማለት መለኪያ አይሆንም። አገር ቤት ስንደውልም እናትና አባታችንን «ገንዘቡ ደረሰ?» ብለን ስናበቃ «ክኒኑ አላለቀም?» እንበላቸው።

በመጨረሻ፣ ብቻችንን አንሁን። ኦክላንድ ባለችበት በአላሚዳ ካውንቲ በ1965 የተጀመረ ጥናት ወደ 7,000 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘመድ፣ ወዳጅና ማኅበር የሌላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ብዙ ወገን ካላቸው ሰዎች ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በስብሰባ የቀረውን አባል መቀጮ ከመጠየቃችን በፊት እንደምን ከረምክ እንበለው።

ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ መለኪያ ይዤ እቀመጣለሁ። እባካችሁ ከቡናው በፊት ኑ።