የባሕር ውንብድና ሒሳብና ያልተመዘገበው ዕዳ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ መነሻው ጨዋታ ነው። «ዋይርድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2009 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ካወጣው ጽሑፍ ጋራ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ አቅርቦ ነበር። ተጫዋቹ የወንበዴዎች አለቃ ይሆናል፤ ከባለገንዘቦች 50,000 ዶላር መነሻ ይቀበላል፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከብ ይይዛል፤ ከዚያም ስለ ማስለቀቂያው ገንዘብ ይደራደራል።

ጨዋታው ቁም ነገር አለው። ውንብድና መነሻ ገንዘብ፣ ወጪ፣ ትርፍና ኪሣራ ያለው ንግድ መሆኑን ያስተምራል። እውነቱም ከዚህ አይርቅም። የዓለም ባንክና ተባባሪዎቹ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከ2005 እስከ 2012 የተከፈለው የማስለቀቂያ ገንዘብ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል፤ ከዚህም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉ የገንዘብ አቅራቢዎቹ ድርሻ ነበር። የጦር መርከቦች ጥበቃ ሲጠናከርና የታጠቁ ዘበኞች በንግድ መርከቦች ላይ ሲሳፈሩ፣ አደጋው ከትርፉ ስለ በለጠ፣ ከ2012 ወዲህ ሥራው ቀዘቀዘ። በ2023 መጨረሻ ግን እንደገና ብቅ አለ።

ይሁን እንጂ የሒሳብ ባለሙያ የቀረበለትን መዝገብ ከመደመሩ በፊት የማን መዝገብ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ጨዋታው የወንበዴው መዝገብ ነው፤ በዚያ መዝገብ መርከበኛው የመደራደሪያ ዕቃ ነው። «አይስበርግ አንድ» የተባለችው መርከብ ከኤደን ወደብ እንደ ወጣች በማርች 2010 ተያዘች፤ መርከበኞቿ ነፃ የወጡት በዲሴምበር 2012 ነበር። ከ24ቱ ወደ ነፃነት የደረሱት 22 ናቸው። ይህ ለወንበዴው ያልተሳካ ንግድ ነው፤ ለመርከበኞቹ ቤተሰቦች ግን የማይወራረድ ዕዳ ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ከእስያ ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው ዕቃችን በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ያልፋል፤ የመድን ዓረቦን ሲጨምር ጭማሪው በዋጋ ላይ ተደርቦ መርካቶ ይደርሳል፤ የሚከፍለውም ባሕር አይቶ የማያውቅ ሸማች ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለተማሪዎቻችን ስናቀርብ፣ ከወንበዴው ሒሳብ ጐን የመርከበኛውን፣ የአስመጪውንና የሸማቹን ሒሳብ እንዲጽፉ እንጠይቃቸው። ትርፉ የት እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ከማን እንደ ወጣም ማሳየት የሙያችን ግዴታ ነው።