የናይሮቢ ደመና ለቀለበት ፎቶ

 የዛሬው ዝግጅታችን ናይሮቢ ለሚኖሩና የቀለበት ቀናቸውን ቆርጠው ፎቶውን ግን «ፀሐይ ትውጣ» እያሉ ለሚያዘገዩ እጮኛሞች ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይህች ከተማ ትቀዘቅዛለች፤ ሌሊቱ ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀኑም ብዙ ጊዜ ከ22 አያልፍም። አዲስ አበባ ዝናብ በሚበዛባት በዚሁ ወቅት ናይሮቢ እምብዛም አይዘንብባትም። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ወደ ደጋው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝቅ ያለ ደመና ይሆናል፤ ማለዳውን ሰማዩን ሸፍኖ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ከቀትር በኋላ ይሳሳል። ሰው ይህን ደመና ለፎቶ የማይሆን አድርጎ ያየዋል። በእኔ እምነት ግን በአሮጌው የከተማ እምብርት፣ በሀገር ልብስ፣ ያልተጋነነ ፎቶ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም።

ዋናው ምክንያት ያለው ልብሱ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ጠይም ፊት አንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡ ካሜራው ሁለቱን እኩል መያዝ ያቅተዋል። ለፊት ሲስተካከል ቀሚሱ ነጥቶ ይቀራል፤ የነጠላው እጥፋት፣ የፈትሉ ውፍረትና ቅጥነት፣ ጥበቡ ከሸማው የሚጋጠምበት መስመር ሁሉ ይጠፋል። ለቀሚሱ ሲስተካከል ደግሞ ፊት ይጨልማል፤ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆንም ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ደመና ብርሃኑን በሰማዩ ሁሉ ስለሚበትነው ፊትም ጥበብም በአንድ ላይ ይታያሉ። «የማታዋን ወርቃማ ፀሐይ ብንጠብቅስ?» የሚል ይኖራል። ውበቷ አይካድም። ነገር ግን በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም፤ መሀል ከተማ ደግሞ ፎቆቹ ቀድመው ይጋርዷታል። ሁለት ሰዎች ካሜራውን ረስተው እርስ በርስ መጫወት የሚጀምሩት ቆይተው ነው፤ የደመናው ማለዳ ይህን ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ለዚህም ነው ከመናፈሻ መናፈሻ በመኪና ከመሯሯጥ አንድ ሰፈር በእግር መሄድን የምመክረው። በኬንያታ ጎዳናና በኡሁሩ አውራ ጎዳና መገናኛ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 የተሠራው፣ ዛሬ የናይሮቢ ጋለሪ የሆነው የድንጋይ ሕንፃ አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን የክፍለ ሀገሩ ኮሚሽነር ቢሮ ነበር፤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገበውም እዚያው ነበር። ለእጮኛሞች ከዚህ የበለጠ የሚስማማ መነሻ አላውቅም። በኬንያታ ጎዳና ወደ መሀል ከተማ ሲዘለቅ ኪፓንዴ ሐውስ ይገኛል። ሕንፃው ያምራል፤ ነገር ግን አፍሪካውያን ወንዶች አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉት ይገደዱ የነበረውን «ኪፓንዴ» የተባለ መታወቂያ ያስታውሳልና ፈገግ ብሎ ለመነሳት አይሆንም፣ አልፋችሁት ብትሄዱ ይሻላል። ቀጥሎ ባንዳ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በትልልቅ ዓምዶቹና በደጁ በተቀመጡት ሁለት የድንጋይ አንበሶች ይጠብቃችኋል። አንበሶቹ ዘንድ ሁሉም ይነሳል፤ እኔ ግን በዓምዶቹ መካከል ከጎን የሚገባውን ብርሃን እመርጣለሁ።

«ግራጫ ሰማይ ፎቶውን ያደበዝዘዋል» የሚለው ተቃውሞ እውነት የሚሆነው ሰማዩ ፎቶው ውስጥ ሲገባ ነው። ከኋላ ግድግዳ፣ በር ወይም ደረጃ ከሆነ የጥበቡ ቀለም እንዲያውም ይጎላል። የደመና ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ካሜራውን በደመና ማስተካከያው ላይ ማድረግ ይበቃል። ካሩራ ጫካን የሚመርጡም አሉ፤ በደመናማ ቀን ግን ከዛፍ ሥር ይጨልማል፣ የቅጠሉም አረንጓዴ ነጩ ሸማ ላይ ያርፋል። ብርዱን ግን አቅልዬ አላየውም። የበረደው ሰው ትከሻው ይሰቀላል፣ ጣቱ ይጨበጣል፤ የሚፈለገው ደግሞ ቀለበት የሚገባበት ያ ጣት ነው። በየመሀሉ የሚደረብ ጋቢና በፔርሙስ የተያዘ ትኩስ ሻይ ያስፈልጋል፤ ጋቢው ራሱ ሁለቱን አንድ ላይ አልብሶ ቢነሳ ምን ያምራል!

የቀረው የጥበቃና የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚፈራውም በከንቱ አይደለም። ጋለሪውን የሚያስተዳድረው የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ነውና ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም እንዲሁ። ለመኖሪያ ፈቃድ የምትመላለሱበት ኛዮ ሐውስ ከጋለሪው አጠገብ መሆኑንም አትርሱ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ካሜራ ወደዚያ አይዞርም። ጃሚያ መስጊድም ለቤተ መጻሕፍቱ ጎረቤት ነውና ዓርብን ተዉት። የእሑድ ማለዳ መሀል ከተማው ጭር ስለሚል መኪናውም ግፊያውም ይቀንሳል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ እስከ 4 ሰዓት ብትሠሩ ደመናውም ገና አይሳሳም።