ዜናችንን ማን ያድርስልን?

የመቱ፣ የጎሬና የበደሌ ጀመዓዎች ሆይ!

ጥር 28 ቀን 2005 ፍርድ ቤት ያገደውን «ጂሃዳዊ ሀረካት» ኢቲቪ ለቀቀብን። ጉዳያቸው ገና በችሎት ላይ የነበረ ወንድሞቻችን በቴሌቪዥን ተፈረደባቸው። መልስ ይሰጥ የነበረው «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔትስ? አዘጋጁ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ታሰረ፤ ሰለሞን ከበደም በዚያው ጥር ተከተለው። የቪኦኤዋ ዘጋቢ እንኳ መስከረም ላይ ከአንዋር መስጂድ ተይዛ የቀዳችውን እንድታጠፋ ታዘዘች።

እነርሱ ይህን ሁሉ ከፍለው እኛ የሻይ ቤት ወሬ አጋንነን በሞባይል ልንበትን ነው? መቶውን ሺህ ካልን ለኢቲቪ ሌላ ፊልም ሰጠነው። ሱረቱል ሑጁራት አጣሩ ብሎናል። ከጁምዓ በኋላ የሆነውን ቀኑን፣ ቦታውን፣ በዓይኑ ያየውን ሰው ጠይቀን እናስተላልፍ፤ ያላየነውን አላየንም እንበል።