ዝምተኛው ጉበት
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




ስለ ትምህርት እንድናገር ተጠርቼ ሳለ ስለ ገዛ ጉበቴ ብናገር ትታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ። ነገሩ ከሥራችን የራቀ አለመሆኑን እስከ ፍጻሜው ስታደምጡኝ ትረዱታላችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት የደም ባንክ ሠራተኞች ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር። ለተማሪዎቼ አርአያ ልሁን ብዬ ከሁሉ አስቀድሜ ክንዴን ዘረጋሁ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ሳስተምር ድካም አይሰማኝም ነበርና ስለ ጤንነቴ ጥርጥር አልነበረኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተጠርቼ ስሄድ ግን፣ በደሜ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መገኘቱ ተነገረኝ። ከስድስት ወር በኋላ ምርመራው ቢደገም ውጤቱ ያው ሆነ፤ ሐኪሙም በሽታው ሥር የሰደደ፣ ምናልባትም ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ መሆኑን አስረዳኝ።

በቋንቋችን ልብ ይሰበራል፣ ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይላወሳል፤ ጉበት ግን ዝም ይላል። በእውነትም ዝምተኛ ነው። እየተጎዳ ለብዙ ዓመታት ሥራውን ይቀጥላል፤ ሥር በሰደደው በሽታ ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሆድ ውኃ ሲቋጥር ጉዳቱ ገፍቷል ማለት ነው። አባቶቻችን የዓይኑን ቢጫነት አይተው የወፍ በሽታ አሉት፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚሉም ነበሩ።

የቫይረሱ መታወቅም ሳይታሰብ የሆነ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ደም ሲያነጻጽር፣ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1965 አስታወቀ። ያም የዚህ ቫይረስ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ደምን መመርመርና ክትባት ማዘጋጀትም ከዚያ ወዲህ ተቻለ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ውጤቱን ከሰማሁ በኋላ የራሴን ኩባያ ይዤ መምጣት፣ ምሳዬን ብቻዬን መብላት፣ ጉርሻ እምቢ ማለት ጀመርሁ። ባልደረቦቼ ኩራት መሰላቸው። ለባለቤቴ እንኳ ሦስት ወር ሙሉ አልተናገርሁም። ይህን ያደረግሁት እኔ፣ የበሽታ መተላለፊያ መንገዶችን ለሃያ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቫይረሱ በደም፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ ምላጭና ንጹሕ ባልሆነ መርፌ እንጂ በማዕድ፣ በጉርሻና በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ አውቅ ነበር። እውቀቴ ከሰሌዳው አልፎ ወደ ልቤ አልደረሰም ነበር። በመጨረሻ ስነግራት ባለቤቴ ተመረመረች፤ ነጻ ሆና ተገኘችና ሦስቱን ክትባት ተከተበች። ያን ሦስት ወር ሳትከተብ ያኖርኋት ግን በእኔ ዝምታ ነው፤ ይህን ዕዳ አልክድም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች 254 ሚሊዮን አድርሶ ገምቷል። በሕፃንነታቸው ከሚያዙት ከመቶ 90 ያህሉ በሽታው ሥር ይሰድባቸዋል፤ በጕልምስና ከሚያዙት ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ዋናው ጋሻ በጊዜ የተሰጠ የሕፃናት ክትባት ነው፤ በአገራችንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ለታመመውም ተስፋ አለ፤ ቫይረሱን ፈጽሞ ባያጠፋው እንኳ የሚያዳክም መድኃኒት አለ፤ እኔም በየስድስት ወሩ እየተመረመርሁ አስተምራለሁ።

እንግዲህ ወላጆችን ስናነጋግር ስለ ክትባት እንንገር፤ እኛም እንመርመር፤ የታመመ ባልደረባ ቢኖረን ኩባያውን አንለይበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ለቤተ ሰቡም መድኃኒት ይነፍጋል።

ከዚህ ጉባኤ በኋላ ማዕድ ይቀርባል። እኔም ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ፤ የሚያጎርሰኝም ቢኖር እምቢ አልልም።