ውኃ፣ አቧራና ቀለም፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመኪና አጠባበቅ



የዛሬው ርእስ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለላቫጆ ደጃፍ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በአገራችን መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት የሚጠይቀውን ሁላችንም እናውቃለን፤ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው?» ይላል። እንደገና የተቀባ መኪና ተጋጭቶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ዋጋውም ይወርዳል። መኪናው የዕለት እንጀራውም ቁጠባውም ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። እኔም የማስረዳችሁ በአዳማና በአካባቢዋ ቀለምን ከቆሻሻው ይበልጥ የሚጎዳው ቆሻሻው የሚነሣበት መንገድ መሆኑን ነው።

ከአቧራው እንጀምር። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ በኮረብታዎቿ ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ አፈሩንም ያነሣል። አፈሩ ደግሞ እንደማንኛውም አፈር አይደለም፤ ከሞጆ እስከ ባቱ በየመንገዱ ዳር የምናየው ነጣ ያለ ብናኝ ብዙው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ ነው። ለብሎኬት መሥሪያ የምንጭነው ያ ቀላል ድንጋይ በባሕርይው ብርጭቆ ነው፤ ሲደቅም ጠርዙ ስለት ይሆናል። በዘመናዊ መኪና ቀለም ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ልባስ ግን ውፍረቱ 50 ማይክሮን እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከራስ ጠጉር ይቀጥናል። ሾፌሩ ማለዳ ተነሥቶ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል፣ በትጋቱ ልክ ልባሱን ይፍቃል። ፀሐይ ስታርፍበት በጣራው ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዚህ የመጣ ነው።

ልባስ የሌላቸው፣ ነጫጭ የሆኑት የቆዩ ኮሮላዎች ነገራቸው ይለያል። ስትወለውሏቸው ጨርቁ ላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ፀሐይ ያደረቀው የቀለሙ አካል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ ይቅደም። ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ሰፈር ያላችሁ ከአንድ ጀሪካን የሚበልጠውን እጅ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ከላይ ወደ ታች አፍስሱት፤ ማሻሸቱ በጥቂት ውኃም ይሆናል። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን አለቅልቆ አሸዋውን ለማስቀረት። ጎማና ፓራፋንጎ የታሹበት ጨርቅ ወደ ኮፈን አይመለስ። የልብስ ኦሞ አልካሊ ስለሆነ ቅባትን ሲያነሣ ሰሙንም አብሮ ያነሣል። በናፍጣ መወልወል ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ ይሰበስባል።

በውኃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሸለቋችን ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው እዚህ ነውና። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ሲኖር ፍሎራይድና ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይዱ በወንጂ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ታውቃላችሁ፤ ቀለም ላይ የሚታየው ግን ሲሊካው ነው። የጉድጓድ ውኃ በጋለ ኮፈን ላይ ሲደርቅ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። ኖራ ቢሆን ኖሮ አቼቶ ያነሣው ነበር፤ የደረቀ ሲሊካ ግን ለአቼቶ አይበገርም፤ ያለው መፍትሔ በፖሊሽ መፋቅ፣ ማለትም ከዚያው ከቀጭኑ ልባስ ላይ መቀነስ ነው። እንግዲህ መኪናን በጥላ ሥር፣ በጠዋት ወይም ወደ ማምሻው አጥቦ ወዲያው በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ከማንኛውም ውድ ሻምፖ ይበልጣል።

ሰሙስ? ሰም ጋሻ ነው ሲባል ይጋነናል፤ የፀሐይን ጨረር እምብዛም አይከለክልም፤ እዚህ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ጥላን የሚተካ ነገር የለም። የሰሙ ሥራ በቀለሙ ፋንታ ራሱ መጎዳት ነው፤ ውኃ እንዳይቆይ፣ የወፍ ኩስ ቶሎ እንዳይነክስ ያደርጋል። በባቱ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ ከሚያርፍበት ዛፍ ሥር መኪና ያቆመ ሰው ጥቅሙን ይረዳዋል።

የአገራችን የንብ ሰም አይሆንም ወይ ብለው የጠየቁኝ ተማሪዎች አሉ። ጥያቄው መልካም ነው። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በቀትር ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ጣራ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ ሰሙ ለስልሶ አቧራውን ይይዛል። የመኪና ሰም የሚሠራበት ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ካርናውባ ግን እስከ 80 ዲግሪ ይጸናል። እርሱም ስስ ሆኖ ይቀባ፤ በታጠበና በቀዘቀዘ ቦዲ ላይ ብቻ። ውኃ በኮፈኑ ላይ ድቡልቡል መሆኑን ትቶ መተኛት ሲጀምር መድገም ነው።

አንድ ነገር ለመኪና ባለቤቶች ልጨምር። የላቫጆ ልጆች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ባጠቡት መኪና ቁጥር ነው። ሁለተኛ ባልዲና ንጹሕ ጨርቅ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃሉ፤ «ቶሎ በል» እያልን በአሮጌው ዋጋ ይህን ሁሉ ከእነርሱ መጠበቅ አንችልም። ምን ያህል ቢጨመር ሥራው እንደሚያዋጣ ዛሬ እዚህ ያሉት የላቫጆ ባለቤቶች ከእኔ በተሻለ ይነግሩናልና መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ።