ስለ ፈተና
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

ጉባኤያችን ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለዋለ፣ ስለ ፈተና ጥቂት እንድናገር ሊቀመንበራችን አዘዙኝ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነ ከወረቀት ጋር እንጂ ከመድረክ ጋር ትውውቅ የለኝም። እንግዲህ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ።

በቋንቋችን ፈተና የምንለው ነገር ብዙ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚቀመጥበት ፈተና ነው፤ በሽታና ሞት ቤት ሲገባ ፈተና ነው፤ ሰይጣን ሲያባብለንም ያው ፈተና ነው። መከራ ከውጭ ይመጣል፤ ወደ ኃጢአት የሚስበው ግን፣ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ እንዳስተማረው፣ የሰው የራሱ ምኞት ነው። ይህ ልዩነት እውነት ነው። ሆኖም በእኔ ቤት ሁለቱ የመጡት በአንድ ሌሊት ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

መከራ ሲነሣ ኢዮብን ሳናነሣ አናልፍም። በእድራችን ያሉ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አዩብ ብለው በትዕግሥቱ ያውቁታል። 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆቹን በአንድ ቀን አጣ፤ 7 ሺህ በጉ፣ 3 ሺህ ግመሉ፣ 500 ጥማድ በሬው፣ 500 አህያው ሁሉ ሄደ። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። እኔ ይህን ሳነብ፣ እነዚህ ሰዎች እድርተኞች ነበሩ እላለሁ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኃጢአት ባይኖርብህ ይህ አይደርስብህም ነበር አሉት። በእኛም ድንኳን እኮ ይሰማል፤ ሌሊት ካርታ እየተጫወትን «የሠራው ነገር ቢኖር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ደግሞም ኢዮብ ታገሠ ማለት ዝም አለ ማለት አይደለም። የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከፈጣሪው ጋር ተሟግቷል። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው ተባለ፤ ምሕረት ያገኙትም እርሱ ጸልዮላቸው ነው። ጌታችንም አልዓዛር በሞተ ጊዜ አልቅሷል። ስለዚህ ሐዘንተኛን «እምነት ያለው ሰው አያለቅስም» የምትሉ እባካችሁ ተዉ።

አሁን ወደ ማባበሉ ልለፍ። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ሰይጣን መጀመሪያ ያነሣበት ምን ነበር? ዳቦ ነው። ዳቦ ደግሞ ክፉ ነገር አይደለም። መምህራኖቻችን ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ይሏቸዋል። እኔ ሦስቱንም በአንድ ሌሊት አይቻቸዋለሁ።

ነሐሴ 1994 ዓ.ም. ነው። የዚህ እድር ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። እሑድ የሰበሰብሁትን 1,140 ብር ሰኞ ባንክ ላስገባ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። በእኩለ ሌሊት ትንሿ ልጄ በሳንባ ምች ትንፋሿ ተቆራረጠ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለዕዳ አልቋል። ባለቤቴ «ሁለት በር አልፈህ አንኳኳ፤ ጎረቤት አለን» አለችኝ። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ በሌሊት ልመና? አልሁ። ሣጥኑን ከፍቼ 280 ብር አወጣሁ። ልጄ ታክማ ዳነች፣ ስሙ ይመስገን፤ ዛሬ ራሷ እናት ናት። ይህን የምትሰማው እንደ እናንተው ዛሬ ነው።

ልጅን ማሳከም ኃጢአት ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። አይደለም፤ እርሱ ዳቦው ነው። በር ማንኳኳት አፍሬ ሣጥን መክፈቴ ነው ኃጢአቱ።

ሰኞ ባንክ አልሄድሁም። የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር ደረሰኙን ሲጠይቁኝ «ልጅ ታሞብኝ ጊዜ አጣሁ» አልኋቸው። «አይዞህ ልጄ፣ ትደርስበታለህ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በ9ኛው ቀን ጥሩንባ ተነፋ። አንድ አባላችን አርፈዋል፤ የቤተሰቡ ክፍያ በማግሥቱ መሰጠት አለበት። ታዲያ ምን ይደረጋል? የሸሸሁትን ልመና ከሥራ ባልደረባዬ ደጃፍ ሄጄ ለመንሁ፤ ያውም «ባለቤቴ ታማብኝ ነው» ብዬ ዋሽቼ። ክፍያው ተሟላ። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ መርማሪዎቹ የአንድ ሳንቲም ጉድለት አላገኙም፤ ጉባኤውም አጨበጨበልኝ። ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የነፍስ አባቴ «ገንዘቡን መልሰሃል፤ አሁን ለሊቀመንበሩ ንገራቸው» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አልነገርሁም። ዛሬ ነገ ስል እኚያ ደግ ሰው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሣጥኑ እንዴት እንደከበደኝ ምን ልበላችሁ።

እምነትህ ምን ረዳህ ትሉኝ ይሆናል። በዚያች ሌሊት «ልጄን አድንልኝ» ብዬ ጸለይሁ እንጂ «እጄን ያዝልኝ» ብዬ አልጸለይሁም። የረዳኝ በኋላ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም፣ ከፈተና እንዲጠብቀን የምንለምንበት ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ከ20 ዓመት በላይ እየቆረቆረኝ ዛሬ እዚህ አቆመኝ።

ከዚሁ ጋር አንድ ሐሳብ አለኝ። ከፈተና ጠብቀን ብለን ፈጣሪን የምንለምን ሰዎች ወንድማችንን ራሳችን ፈተና ውስጥ ማስገባት የለብንም። የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ሰው ቤት አይደር። ባንክ እስኪገባ በእድሩ ቤት ይቀመጥ፤ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን ገንዘብ ያዥ፣ ሌላውን ጸሐፊው ይያዙ። ገንዘብ ያዣችን ቅር እንዳይላቸው፤ እርሳቸውን ጠርጥሬ ሳይሆን ራሴን አውቄ ነው። ሌላው፣ በሌሊት ሰው የታመመበት አባል ሳያፍር የሚያንኳኳው በር የማን እንደሆነ ጉባኤው ይወስንና ይለጠፍ። ሐሳቡን በጽሑፍ ለሊቀመንበራችን ሰጥቻለሁ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። ስለ 280 ብሩ ሊጠይቀኝ የሚፈልግ ካለም ስብሰባው ሲያበቃ በሩ አጠገብ እቆያለሁ።